ለጉልበቴ የታሰበልኝ ቤት

ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ ዊኒ፤ እዚያኛው ጫፍ ላይ ፀሐዩ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። ትራሷን ከወገብሽ ኋላ አድርጊያት። እንዲያ… አዎ። አየሩ እንዴት ያለ ነው ዛሬ! ጠዋት ደመናው ተቆልሎ ሳየው የዝናብ ካፖርቴን ያዝኩ፤ ይኸው ጠብ ሳይል ቀረ። ረስቼው ብመጣ ኖሮ እንደ ጉድ ነበር የሚያወርደው። ጽጌረዳዎቹንስ አየሻቸው? ነሐሴ እያለቀ እንኳ እንዲህ ማበባቸው… ባሌ ሲሪል ቢኖር ይሄኔ ጎንበስ ብሎ ቅጠላቸውን እየገለበጠ ተባይ ይፈልግ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ቤት ተጋብዞ ሲሄድ እንኳ ከሰላምታ በፊት ቅጠል መገልበጥ ነበር የሚቀናው።

ሻዩ ይመጣል፣ አይዞሽ። ልጄ ዳንከን ልጆቹን ይዞ ሳሩ ላይ ሊያንከባልላቸው ወርዷል። ሚስቱ ሰልፍ ይዛልናለች። በሻይ ቤቱ መስኮት ትታይሻለች? ያቺ ነጭ ባርኔጣ ያደረገችው… ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል፤ እሷን ግን እንዲህ ያለ ነገር አያታክታትም። መጠበቅ ታውቅበታለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንደ እሷ መጠበቅ የሚችል ሰው አላየሁም። እኔን እንኳ ስንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳታማርር፣ ፈገግ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።

ምን ያስቅሻል? እያመሰገንኳት እኮ ነው።

የዛሬውም ሐሳብ የእሷው ነው። የልደት ስጦታዬ መሆኑ ነው። ሌላ ምራት ብትሆን አንድ ሳጥን ቸኮሌት ገዝታ ትገላገለኝ ነበር። እሷ ግን «እማማ ሄስተር፣ ዊንተርሌይን እናሳይዎት፤ ትልቁን የመኳንንት ቤት፣ አትክልቱን፣ ሁሉንም» አለችኝ። እኔም የዋህ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ሁሉ አዲሱን ሹራቤን ወንበር ላይ አንጥፌ ሳየው ነው ያደርኩት።

መኪናው ውስጥም ጥሩ ቦታ ሰጠችኝ። ከኋላ፣ በሁለቱ የሕፃናት ወንበሮች መሃል። «እዚህ ይሞቅዎታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሞቀኝ። ትንሿ ሙዟን አንገቴ ላይ አሸችው፣ ትልቁ በጫማው ጭኔን ሲነርት መጣ። ፊት ወንበርማ እሷ መቀመጥ አለባት፣ መንገዱን ለዳንከን ማን ያሳየዋል? ልጄ እኮ ያለ እሷ ፈቃድ ወደ ቀኝ እንኳ አይታጠፍም። አንቺ በጎረቤትሽ መኪና መምጣትሽ በጀሽ፤ ብታረፍጂም በሰው ወግ ተቀምጠሽ መጣሽ።

ቤቱን ሳታዪው ቀረሽ አይደል? ምንም አይደል፣ እኔ ልንገርሽ። ሰፊ ነው፣ ጨለም ያለ፤ ምንጣፉ እንዳይደበዝዝ ብለው መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ይዘጉታል። ቤቱን የሚያስጎበኘው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር በየክፍሉ አንድ አንድ ጠባቂ አቁሟል፣ ሁሉም ጡረተኞች፣ ሁሉም የሚጠይቃቸው ሰው የናፈቃቸው። ደግሞ በየወንበሩ ላይ አንዲት ደረቅ የጥድ ፍሬ ያስቀምጣሉ። ታውቂያለሽ መቼም… እንዳይቀመጡበት ነው። «አትቀመጡ» ብሎ መጻፉ ነውር ሆኖባቸው። ጨዋ ሰዎች እኮ ናቸው፤ ተነሺ አይሉሽም፣ ስትቀመጪ ይወጋሻል እንጂ።

መቼም ብልህ የሆነ ሰው ከዚህ ቤት ብዙ ትምህርት ይወስዳል። የእኛይቱ ግን ይህንን ሳትማረው በፊትም ታውቀው ነበር። ባለፈው እሁድ የሆነውን ነግሬሻለሁ? የመስኮቱ ጥግ ያለችውን ሰማያዊ ወንበሬን ታውቂያታለሽ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንበሬ ላይ የቀለም ናሙና ተደርድሮባታል፤ አረንጓዴው፣ ግራጫው፣ የእንቁላል አስኳል የሚመስለው። ሳሎኔ በየትኛው ቢቀባ እንደሚያምር እየመረጠች ነበር። እኔ ልቀመጥ ዝቅ ስል «ቀስ ይበሉ፣ እንዳይበላሽብኝ!» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። በገዛ ሳሎኔ መሃል ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ፤ እንደ እንግዳ። ናሙናዎቹ ሲነሱ ተቀመጥኩ።

እኔ እንኳ አልተቀየምኩም። ለእኔ ብላ አይደል? ቤቴን እያቀለለችልኝ ነው። በመጣች ቁጥር አንድ ካርቶን ሞልታ «ይህ ሁሉ ዕቃ ያጨናንቅዎታል» እያለች ለበጎ አድራጎት ሱቁ ትወስድልኛለች። ደግ ናት፣ ለድሃ ታስባለች። ባለፈው ወር ፖስታ ቤቱ በር ላይ የሲሪልን ባርኔጣ አየሁት… ሌላ ሰው ላይ። እንዲያው «ሲሪል!» ብዬ ልጣራ ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳኝ። ሲሪል ያነሳው እንደነበረው፣ በሁለት ጣቱ። እቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ተይው ይህን። የት ደረስኩ? ወንበሩ ጋ። እንግዳ መቀበያው ክፍል ስንገባ ጉልበቴ ተሸነፈ። አንድ ደግ ሽማግሌ የምትታጠፍ በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝ። የልጄ ሚስት ደግሞ ልጆቹን ሰብስባ ታስተምራቸዋለች፤ መቼም ልጆቿን ማስተማር አትሰለችም፤ «አያችሁ፣ አሮጌ ነገር እንዴት እንደሚጠበቅ? ማንም አይነካውም፣ ማንም አያስቸግረውም፣ ጥግ ላይ አድርገው በገመድ ይከልሉታል።» አነጋገሯ ያምራል፣ አይደል? ዓይኗ ብቻ ነበር ወንበሮቹ ላይ ያልነበረው።

ያ ሳር ይታይሻል? እስከ ላሞቹ ድረስ አንድ ወጥ ነው የሚመስለው። አጥር የለ፣ ግንብ የለ። ላሞቹ ግን ወደዚህ አይመጡም። ለምን ይመስልሻል? ሳሩ መጨረሻ ላይ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል። ከዚህ ሆነሽ አታዪውም። ከዚህ ሲያዩት ለምለም ነው፣ ጥርስ በጥርስ የሆነ ሜዳ። ጉድጓዱን የምታውቀው ላሟ ብቻ ናት። ዳንከን «ይህን ያሰበው ማን ይሆን?» እያለ ሲደነቅ ነበር። ምስኪን ልጄ… ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ዳሩ ላይ ቆሞ ዛሬም ይደነቃል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባልሽ። ወጥ ቤቱን አላየነውም። የትልቅ ቤት ወጥ ቤት እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ የመዳብ ድስቱ በትልቅ በትንሽ ተሰልፎ ሳየው ሆዴ የሞላ ያህል ነው። «ወጥ ቤቱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ የባልቴት ቤቱን እንይ» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። እንዴት አጥብቃ እንደያዘችኝ! እንዳልወድቅባት ብላ ነው። ሠረገላ ቤቱን አለፍን፣ የደወሉን ማማ አለፍን፣ ትልቁ በር ጋ ያለችው ትንሽ ቤት ደረስን። የድሮ ወግ ነው መቼም። የቤቱ ጌታ ሲሞት ልጅየው ሚስቱን ይዞ ትልቁ ቤት ይገባል፤ እናትየዋ ደግሞ ሻንጣዋን ታሳዝልና ወደዚያች ትንሽ ቤት ትወርዳለች። ማንም ውጪ አላላት፣ ማንም አልገፋት… ወግ ነዋ! ወግ የሚሉት ነገር ደግሞ እጅ የለው፣ ማን ገፋኝ ብለሽ ትከስሻለሽ?

ቤቲቱ ንፁህ ናት፣ ምን ይወጣላታል። «አዩ እማማ ሄስተር፣ ደረጃ የለውም!» አለችኝ። አየሁ። የሌለን ነገር ማየት ቢያስቸግርም ደረጃ አለመኖሩን አጥርቼ አየሁ። «አዩ ብርሃኑን!» አየሁ። «ሁሉም ነገር በእጅ የሚደረስበት ነው፣ አዩ!» አየሁ። «እመቤቲቱ ሌዲ ኮንስታንስ ምንኛ ተመችቷት ኖሮ ይሆን… ያን ሁሉ ሸክም ለልጆቿ ትታ!» አለችና እፎይ ብላ ተነፈሰች። እንዴት ከልቧ እንደተነፈሰች ብታዪ፣ ሸክሙን ከእሷ ላይ ያወረዱላት ነው የሚመስለው።

ከዚያ ስልኳን አወጣች።

የጋራዡን ሥዕል አሠርታለች፣ ዊኒ። የእኔን ጋራዥ። ለካ ያን ሰሞን ሜትር ይዛ ስትገባ ስትወጣ የነበረው፣ «መኪናችን ይገባበት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ያለችኝ… መኪናው እኔ ነኝ። ሰው ሥዕሉን አይቶ ጋራዥ ነው አይልም፤ ትልቅ መስኮት ወጥቶለታል፣ መታጠቢያ ቤት አለው፣ ማሞቂያው ከወለሉ ስር ነው። ለብቻዬ በር ሳይቀር ተሠርቶልኛል፣ በመንገዱ በኩል፣ እንዳላስቸግራቸው። የሲሪል የሳር ማጨጃ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አልጋዬን አስቀምጠውልኛል። አልጋው ላይ አንዲት ትንሽ አሮጊት ተስላለች። ፊት የላትም። እኔ መሆኔን ያወቅሁት በከዘራዋ ነው።

«ለጉልበትዎ ብለን ነው» አለችኝ። ጉልበቴ እንዲህ የሚወደድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔን እንዴት አደርሽ ብሎኝ የማያውቅ ሰው ጉልበቴን በስልክ እየደወለ ይጠይቀዋል። እነሱ ግን ለእኔ ሲሉ የሚከፍሉትን አስቢው! ከዚያ ከጠባቡ አፓርታማቸው ወጥተው የእኔን ቤት ይሸከሙልኛል፤ ሳሎኑን፣ መኝታ ክፍሎቹን፣ አትክልቱን… በዚያ ክፉ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ሊኖሩ ነው። አሁን እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት በየትኛው ቤት ታይቷል?

ልጄስ? ልጄማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ያነብ ነበር። ጨረሰው፣ ከዚያ ደግሞ ከላይ ጀመረው። ልጅ ሆኖ መጽሐፍ ሲያይ ጠረጴዛ ስር ይገባ እንደነበር ትዝ ይልሻል? አስተማሪዎቹ ሁሉ ያቃታቸውን ትዳር አስተማረው።

እንግዲህ አንቺን አልደብቅሽም… እዚህ ላይ ስቄ ማለፍ አልቻልኩም። ከፋኝ። ቤቴ ቤተ መንግሥት አይደለም፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ቤት ነው። ግን ያን የአትክልት ግንብ ሲሪል ከሥራ ሲመለስ ጡቡን በብስክሌት እያመላለሰ ነው የሠራው። ፖሙን ከችግኝ ጀምሮ ቅርንጫፉን ግንቡ ላይ እያሰረ፣ እንደ ሰው ክንድ ዘርግቶ ነው ያሳደገው። የሞተውም ፎቅ ላይ፣ ፖሙ ከሚታይበት መስኮት ስር ነው። በመጨረሻ ሰሞን ሌላ ጥያቄ አልነበረውም፤ «አበባ አወጣ ወይ?» ብቻ። እኔም እዚያው መስኮት ስር ነው መሞት የምፈልገው። ቤንዚን በሚሸት ጋራዥ ውስጥ፣ በራሴ ቤት ግድግዳ ማዶ ሌላ ሰው ሲስቅ እየሰማሁ አይደለም።

አይ፣ መሀረብ አልፈልግም። ፀሐዩ ነው።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ፤ ጣፋጩ ገና ነው። እነሱ ሲወጡ እኔ ትንሽ ልረፍ ብዬ እዚያችው ቤት ቀረሁ። በሩ ጋ የምትቀመጥ ጠባቂ አለች፤ ስሟን ደረቷ ላይ የለጠፈች፣ የሹራብ ሥራዋን ጭኗ ላይ ያደረገች፣ ወሬ አፏን የሚበላት። «ለመሆኑ ሌዲ ኮንስታንስ እዚህ ተመችቷት ኖረች?» አልኳት፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል። ሴትዮዋ ሹራቧን ጣል አድርጋ ሳቀች። «አንዲት ሌሊት አላደረችበትም!» አትለኝም?

ባሏ ሲሞት፣ የልጇ ሚስት… ስሟን ነግራኛለች ግን አልጠራውም፣ የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግልናል… ይህችን ቤት አሳምራ አሳደሰቻት። መጋረጃውን በገዛ እጇ ሰፍታ ሰቀለችው። ከዚያ አማቷን ክንዷን ይዛ አመጣቻት። ክንዷን ይዛ፣ ልብ በይልኝ። ሌዲ ኮንስታንስ ገባች፣ አየች፣ አመሰገነች። ሻይ ጠጣች። መጋረጃውን በጣቷ ዳበስ አድርጋ «እንዴት ያለ ጠንካራ ጨርቅ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» አለች። ምራቷን ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወደ ትልቁ ቤት ተመልሳ ጠበቃዋን አስጠራች።

ቤቱን፣ አትክልቱን፣ ሜዳውን፣ ላሞቹን ሳይቀር ለቅርስ ጠባቂው ማኅበር ሰጠችው! አንዲት ነገር ብቻ ለራሷ አስቀረች፤ እስክትሞት ድረስ በራሷ አልጋ ላይ መተኛት። ኖረችም፣ ዊኒ። ሐኪሟን ቀብራ፣ ቄሷን ቀብራ ኖረች። እልህ እንዲህ የሚያኖር ከሆነ መድኃኒት ቤቱ ለምን አይሸጠውም?

ልጅየውና ሚስቱስ የት ገቡ በይኝ። የት ይግቡ? ማኅበሩ አዘነላቸውና አንዲት ባዶ የቆመች ቤት አከራያቸው። አዎ… እሷን። ባለ መጋረጃዋን። ያቺ ሴት በዚያው በሰቀለችው መጋረጃ ውስጥ አርጅታ ሞተች። እሁድ እሁድ ልጆቿን ይዛ አማቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ትልቁ በር ላይ እንደማንኛውም ጎብኚ ተሰልፋ ትኬት ትቆርጥ ነበር አሉ። አማቲቱ ደግሞ ከፎቁ መስኮት ሆና እጇን ታወዛውዝላታለች። እንዴት ያለ የአማትና የምራት ፍቅር ነው! ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይላል ሰው። እኔ ደግሞ ለሰው ቤት ስታድስ አታጥብበው ብል ማን ይፈርድብኛል?

የእኛይቱ ይህን አታውቅም። እሷ ያየችው በር ላይ የተለጠፈውን ስም ነው፤ «የባልቴት ቤት» ይላል፣ ባልቴቲቱ ገብታበታለች ማለት መሰላት። ዳንከን ደጋግሞ ያነበበው ጽሑፍም ስለ ጣሪያውና ስለ ምድጃው ነው። እኔም አልነገርኳቸውም። ሰው አስቦበት ያመጣልሽን ስጦታ ማበላሸት ያስቀይማል።

አፍሽን ግጠሚ፣ ንብ ይገባበታል። እና ምን አሰብሽ አትይኝም?

ሐሙስ ጠዋት ሚስተር ዊትኮም ጋ ቀጠሮ አለኝ። የሲሪልን ኑዛዜ ያነበበልን፣ ያ ጆሮው ትልልቁ ጠበቃ። ከጸደይ ጀምሮ ነው ሳብሰለስለው የነበረው፤ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ደግሞ ልጄ ነው እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ዛሬ ቆረጠልኝ። ሥዕሉን ሳይ ሳይሆን ልጄ ያን ጽሑፍ እንደገና ከላይ ሲጀምር ነው የቆረጠልኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው። «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ቢለኝ ኖሮ፣ እመኚኝ፣ ጋራዡን ራሴው እጠርገው ነበር።

እንግዲህ ቤቱና አትክልቱ ለመንደራችን የአትክልተኞች ማኅበር ይሆናል። በየሰኔው አትክልታችንን ለሰው ከፍተን፣ አንቺ ኬክ እየቆረጥሽ፣ ሲሪል ግንቡ ስር ቆሞ ስለ ፖሙ እየለፈለፈ… ማኅበሩ አይደል ያን ሁሉ እንግዳ ያመጣልን የነበረው? ፖሙን መግረዝ ያውቁበታል፣ እነሱ አይቆርጡትም። እሷ ግን እዚያ ቦታ ላይ የልጆች መጫወቻ ስላ አይቻለሁ። እኔ እስክሞት እዚያው እኖራለሁ፣ በራሴ ደረጃ እየወጣሁ፣ በራሴ ደረጃ እየወረድኩ። ጉልበቴ ቢጮህ ይጩህ፤ ጠያቂ አላጣ።

ደግሞ ለልጇ ምንም ሳትተው ሞተች እንዳይሉኝ። እኔ ክፉ እናት አይደለሁም። ጋራዡን ለእነሱ እተወዋለሁ። አየሽ፣ ለብቻው በር ይወጣለታል፣ በመንገዱ በኩል። ደረጃ የለውም፣ ብርሃኑ ያምራል፣ ማሞቂያው ከወለሉ ስር ነው፣ ሁሉም ነገር በእጅ የሚደረስበት ነው። ሥዕሉ እንኳ አልቋል። ይህን ያህል የለፋችበትን ነገር ለሌላ ሰው ብሰጠው ግፍ አይሆንብኝም?

ሐሙስ አንቺም ትመጫለሽ፣ ሰው ያስፈልገኛል ከጎኔ። ሐምራዊዋን ባርኔጣሽን አድርጊ። ደግሞ ይችን እያት… ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመሀረቡ ስር። አዎ፣ የጥድ ፍሬ ናት። ከወንበር ላይ አላነሳሁም፣ ሌባ አታድርጊኝ፤ መንገዱ ዳር ዛፉ ስር ወድቃ ነው ያገኘኋት። ለሰማያዊዋ ወንበሬ ነው።

እስ… መጣች። ትሪውን ይዛ። ቀና ብለሽ ተቀመጪ፣ ፊትሽን አስተካክዪ።

ውይ ልጄ፣ ብቻሽን ተሸክመሽ! ዳንከን የት ሄዶ ነው? ተይው፣ ይንከባለል፣ እሱስ መቼ ቀና ብሎ ያውቃል። እዚህ ጋ አስቀምጪው። የስኮን ዳቦው ሲያምር! ማርማላታው ለዊኒ፣ ክሬሙን ለእኔ አቅርቢልኝ። ኧረ አንቺን አይደለም የምናነሳው፣ ምን በወጣሽ! ስለ ሌላ ምራት ነው የምንጫወተው። አማቷን በጣም ታስብላት የነበረች፣ የድሮ ሰው፣ ሞታለች። መጋረጃ መስፋት ትችልበት ነበር አሉ።

ደግሞ ያሳየሽኝን ሥዕል አሰብኩበት፣ ልጄ። ሐሙስ ቁርጡን አሰማሻለሁ። ጋራዡ እንኳ ነገር የለውም፣ እንዳልሽው ይሁን። አየሽ ዊኒ፣ ፊቷ እንዴት ቦግ እንዳለ! ገና ዛሬ ነው እንዲህ ስትስቂ ያየሁሽ ልጄ፣ ጥርስሽ ያምራል ለካ።

እስቲ እጅሽን አምጪው፣ እኔ አሮጊቷ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ደረጃ አያሳየው። ለእኔ ያሰብሽልኝን ቤት ለአንቺ ያድርግልሽ፤ መጋረጃውን በገዛ እጅሽ ስቀዪው፣ ብርሃኑን ጥገቢው፣ እርጅናሽን እዚያው ሙቂበት። ልጆችሽን ይዘሽ እሁድ እሁድ ልትጠይቂኝ ስትመጪ በመስኮት እጄን ለማወዛወዝ ያብቃኝ። የመግቢያሽን አያሳጣሽ፣ ልጄ፤ ደክሞሽ ስትገቢም የጥድ ፍሬ ያልተቀመጠበት ወንበር እግዜር ያዘጋጅልሽ… አሜን በይ እንጂ።